ለሮበሌ ያልተነገረው

በነፋስ ስልክ አንድ የብረት አልጋ ፋብሪካ ነበር። ማኑሄ የሚባል የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ ዕድሜውን የፈጀው እዚያ ነው። በልጅነቱ ከመንዝ መጥቶ፣ ቀን እየሠራ ማታ እየተማረ የሂሳብ ዲፕሎማውን ያዘና ፋብሪካው ቀጠረው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ሲለወጥ፣ ሥራ አስኪያጅ ሲመጣና ሲሄድ፣ እሱ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። ሚስት አላገባም። በወጣትነቱ አንዲት ልጅ ታጭታለት ነበር፤ አብዮቱ ፈነዳ፣ የልጅቷ ቤተሰቦች ተበታተኑ፣ እሷም ሌላ አገባች ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ነጎዱ። እናቱ በሕይወት ሳለች አገሩ ደርሶ ይመለስ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ግን መካኒሳ አቦ በአከራዩ በኦቦ ሂርጳ ግቢ ውስጥ ከተከራያት አንዲት ክፍልና ከፋብሪካው በቀር የሚሄድበት አልነበረውም።

ብቻውን የቀረው ሰው ጠልቶ አይደለም። ሥራው ነው ያራራቀው። ደመወዝ የሚሠራ ሰው የሁሉንም ጓዳ ያያል። ማን በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚቆረጥበት፣ ማን በምን በሽታ ፈቃድ እንደወሰደ፣ ማን ለማን ዋስ ሆኖ እንደተያዘ፣ ሁሉም በእጁ ያልፋል። ማኑሄ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሠራተኞቹ እንደማያወራ ያውቃሉ፤ ግን እንደሚያውቅም ያውቃሉ። ስለዚህ እሱ የሠራተኞች ክበብ ሲገባ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ሰላምታ አይነፍጉትም፣ ወንበርም ይስቡለታል፤ ሞቅ ብሎ የነበረው ወሬ ግን ወዲያው ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ ይሆናል። ማኑሄም ይህን እያየ ሻዩን ቶሎ ጨርሶ መውጣት ለመደ።

አብሮት የሚበላ አንድ ሰው ነበረው፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሮበሌ። ሮበሌ የለቡ ልጅ ነው። አባቱና አያቱ እዚያው ሲያርሱ የኖሩ፣ እሱም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፋብሪካ ውሎ እሑድን ማሳው ላይ የሚያሳልፍ፣ ሳቁ ከግቢው ማዶ የሚሰማ ሰው። ጓደኝነታቸው የተጀመረው በአንድ የፍርድ ቤት ወረቀት ነበር። ሮበሌ ሚስቱን ሴናን ከማግባቱ በፊት ሰበታ አካባቢ ከአንዲት ሴት ልጅ ወልዶ ኖሮ፣ ሴትየዋ ፍርድ ቤት ከስሳው የልጁ ቀለብ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ተፈረደበት። ሴና ስለ ልጁ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሮበሌ ወረቀቱን ይዞ ማኑሄ ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር። ማኑሄ አነበበው፣ አጠፈው፣ ካዝና ውስጥ ከተተው፤ ሮበሌ በየወሩ ወደ ቤት ይዞት በሚሄደው የደመወዝ መግለጫ ቁራጭ ወረቀት ላይ ግን «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» ብሎ ብቻ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ልጅ ለሌላ ሰው ቀርቶ ለራሱ ለሮበሌም አንስቶ አያውቅም። ሮበሌ ጥቂት ወራት ጠበቀ። ወሬው ከየትም አለመውጣቱን ሲያይ፣ አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ይዞ ሂሳብ ክፍል መጣና፣

«ሴና አብዝታ ነው የቋጠረችው፤ ብቻዬን አልጨርሰውም» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴና ለሁለት ሰው መቋጠር ለመደች።

ኮምፒውተር ፋብሪካው የገባው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ማኑሄ ሥልጠና ተላከ። አሠልጣኟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ከሥሌቱና ከሠንጠረዡ ይልቅ ስለ ፓስወርድ ስትናገር ድምፅዋ ይጠነክራል። ቁልፍ ቢጠፋባችሁ መጥፋቱን ታውቃላችሁ፣ ፓስወርድ ግን ሰው ወስዶባችሁም እናንተው ጋ ያለ ይመስላችኋል አለቻቸው። የልጃችሁን ስም፣ የሚስታችሁን ስም፣ የባላችሁን ስም አታድርጉ፤ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው ስትል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያስገባው ይህንኑ ነበርና። ማኑሄም አብሮ ሳቀ። ከተከለከሉት ስሞች ግን አንዱም አልነበረውም። ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ከሚያውቀው ከዳዊት አንድ መስመር መረጠ፤ የየቃሉን መነሻ በእንግሊዝኛ ፊደል አስገባና በመካከሉ ቁጥር ሰነቀረበት።

ሌሎቹ ከሥልጠናው ሲመለሱ የተባለውን ረሱት፤ እሱ ግን እንደ ሕግ ያዘው። ፓስወርዱን በየጊዜው ይለውጣል። ከወንበሩ ሲነሳ ኮምፒውተሩን ይዘጋል፤ ዲስኬቶቹን ካዝና ይከታል። አታሚው ያበላሸውን ወረቀት ቀዳዶ የቀለም ክፍሉ ምድጃ ድረስ ወስዶ ራሱ ያቃጥላል። የቀለም ክፍል ሠራተኞች ማኑሄ የአገር ምስጢር ሊያቃጥል መጣ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አሠልጣኟ ደግሞ፣ ድንገት አንድ ነገር ብትሆኑ መሥሪያ ቤታችሁ እንዳይቸገር ፓስወርዳችሁን በፖስታ አሽጋችሁ ለኃላፊያችሁ ስጡ ብላ ስለነበር፣ በለወጠ ቁጥር አዲሱን አሽጎ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ሚሳኤል ይሰጣል። አቶ ሚሳኤልም ተቀብሎ የግል ካዝናው ውስጥ ያስቀምጠዋል።

በ1990 ዓ.ም. ከሁዳዴ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ አቶ ሚሳኤል ማኑሄን ቢሮው አስጠራውና በሩን ዘጋ። ፋብሪካው ወደ ግል ሊዛወር ነው፤ ከዚያ በፊት የሠራተኛ ቅነሳ ይኖራል። ቦርዱ የሚቀነሱትን ለይቷል፤ የእያንዳንዱ የስንብት ክፍያ ተሠርቶ መቅረብ አለበት። ቦርዱ ተሰብስቦ እስኪያጸድቅ ድረስ ከሁለታችን በቀር ማንም አይወቅ አለው። አቶ ሚሳኤል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገርም ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

ማኑሄ ስሞቹን ተቀብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና ማስገባት ጀመረ። ከብየዳ ክፍል ነገሪ የሚባለው፣ ሚስቱ ልትወልድ የደረሰች። ከመጋዝ ክፍል ሁለት ወንድማማቾች። ስለ እያንዳንዱ የሚያውቀው ነገር አለ። ወረድ ሲል ግምጃ ቤቱ ከሽያጭ ክፍል ጋር እንደሚዋሃድ ተጽፏል፤ ከሥሩ ሮበሌ አለ።

እጁን ከመጻፊያው ላይ አነሳ። ተነስቶ ወደ አቶ ሚሳኤል ተመለሰና ይህ ሰው ከሥራው ቀርቶ እንደማያውቅ፣ በእሱ እጅ አንዲት ብሎን እንኳ ጠፍታ እንደማታውቅ አስረዳ።

አቶ ሚሳኤል ዓይኑን ሳያነሳ «ሁሉም እንደዚያው ናቸው፣ አቶ ማኑሄ» አለው።

ተመልሶ የሮበሌን ስምና የተቀጠረበትን ዓመት አስገባ። ማሽኑ ለሥሌቱ ጊዜ አልፈጀም።

በዚያው ሳምንት ሮበሌ ምሳ ላይ ደስ ብሎት መጣ። የአጎቱ ልጅ ዲንሳ ሥራ ተቋራጭ ሆኗል፤ በለቡ አካባቢ መኖሪያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች እየበዙ ነው። ዲንሳ ለሲሚንቶና ለብረቱ የሚያምነው የዕቃ ኃላፊ ፈልጎ መጀመሪያ የጠየቀው ሮበሌን ነው። ሮበሌ ይህን እያወራ እንጀራውን እየቆረሰ ወደ ማኑሄ በኩል ይገፋለታል። ሥራው ቤቱ ደጃፍ ነው፤ ማለዳ ተነስቶ ታክሲ መጋፋት ቀረ ማለት ነው። ችግሩ ሴና ናት። የግል ሥራ ዛሬ አለ ነገ የለም፣ ጡረታ ያለውን ቋሚ ሥራህን እንዳትለቅ ብላዋለች። ዲንሳም መልስ ይፈልጋል፤ እሱ እምቢ ካለ ሌላ ሰው አዘጋጅቷል።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው።

ማኑሄ በጥያቄ መለሰለት። ዲንሳ የሚታመን ሰው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሮበሌ እንደሚታመን ነገረው። ሥራውስ ይቀጥላል ወይ አለ። ሮበሌ ሳቀና ሰው ቤት መሥራት መቼ ይተዋል አለው። ማኑሄ እንግዲያ ደህና አድርገህ አስብበት አለ።

«አስቤ ጨርሼ ነው እኮ የምጠይቅህ። አንተ ብትሆን ትለቅ ነበር?»

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ቃልም ባይሆን ራሱን መነቅነቅ። በግድግዳው ማዶ የመጋዙ ድምፅ ሲጮህና ሲያቆም ይሰማል። ማኑሄ ምሳ ዕቃውን እያየ፣

«እኔ እንጃ፣ ሮበሌ። በዚህ ነገር እኔን አትጠይቀኝ» አለ።

ሮበሌ ፊት ፊቱን አየው። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ፤ እጁንም ትከሻው ላይ ጣል አደረገበት። ገባኝ አለው። ሂድ ብትለኝ ብቻህን ልትቀር ነው፣ ቅር ብትለኝ ደግሞ ለራስህ ስትል እንዳይመስልብህ ፈርተህ ነው፤ ሞኝ ሰው ነህ ብሎ ሳቀበት። ማኑሄ አላረመውም፤ አንገቱን ደፍቶ መብላቱን ቀጠለ።

ያን ቀን ከነፋስ ስልክ እስከ መካኒሳ ታክሲ ሳይዝ በእግሩ ሄደ። ነገሩን እያገላበጠ ነበር። ለሮበሌ ቢነግር ለነገሪ የማይነግረው ለምንድን ነው? አብሮት ስለማይበላ ነው? ሮበሌ ለሴና ይነግራል፤ ሴና ለወንድሟ፤ በማግሥቱ ፋብሪካው ይታመሳል። ቦርዱም ገና አላጸደቀም፤ አንድ ሁለት ስም ሊወጣ ይችል ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ደግሞ ሮበሌ የገፋለት እንጀራ ፊቱ ላይ ይመጣበታል። ቤቱ ሲደርስ ወስኖ ነበር፤ ነገ የስም ዝርዝሩን ሳያነሳ፣ ቅነሳም ሳይል፣ የዲንሳን ሥራ ያዝ ብቻ ይለዋል። የሚለውንም ቃል መርጦ አዘጋጀ።

በማግሥቱ ሮበሌ ገና ከበሩ ሲገባ ጉዳዩን ጨርሶት ነበር። ለዲንሳ እምቢታውን ልኮለታል። ሴና ደስ እንዳላት፣ እሱም እንደቀለለው ነገረው። «እንግዲህ አብረን እስክናረጅ ነው» አለና ምሳ ዕቃውን ከፈተ።

ከፋሲካ በኋላ ነው ነገሩ የፈነዳው። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት የአብዶ ሱቅ አለ። አብዶ ለመጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ወረቀት ከየቢሮው የጽዳት ሠራተኞች በኪሎ ይገዛል፤ ጨውም ሆነ ስኳር በዚያ ጠቅልሎ ነው የሚሸጠው። ነገሪ ለአራስ ሚስቱ ስኳር ገዝቶ ቤቱ ሲፈታው፣ ከስኳሩ ሥር በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ የራሱን ስም አየ። ከስሙ አጠገብ ያለውን ቃል ጎረቤቱን አስነበበው። የእንግሊዝኛው ቃል ስንብት ማለት ነው አለው።

በማግሥቱ ጠዋት ማሽኖቹ አልተነሱም። ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ቆመ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለታ አብዶ ሱቅ ሄዶ የተረፉትን ወረቀቶች ሰብስቦ መጣ። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም በየገጹ ራስጌ ላይ የተከፈተበትን ፓስወርድ ባለቤት ስም ያትማል፤ በተቀደደው ጥግ ላይ የማኑሄ ስም በግልጽ ይነበባል። ሠራተኞቹ ይህ ሰው ሁሉን እያወቀ ሰላም ሲለን ከረመ አሉ። አስተዳደሩ ደግሞ ምስጢር አወጣ አለ። ማኑሄ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ሰማ። ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ሮበሌ አልመጣም።

ምርመራው በአቶ ሚሳኤል ቢሮ ተደረገ። የተቀመጡት አቶ ሚሳኤል፣ የአስተዳደር ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘነቡና ለታ ናቸው። ማኑሄ የሚያውቀውን በሥርዓት አስረዳ። የተበላሸ ወረቀት እንደማይጥል፣ እንደሚያቃጥል የቀለም ክፍል ሠራተኞች ምስክሮቹ ናቸው። ኮምፒውተሩም ፋይሉ በመጨረሻ የተከፈተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ያሳያል፤ እሱ ደግሞ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይወጣል። ፓስወርዱን ለማንም አልሰጠም፤ ከእሱ ሌላ ያለው በታሸገው ፖስታ ውስጥ ብቻ ነው። ፖስታው ይታይልኝ አለ።

አቶ ሚሳኤል ካዝናውን ከፍቶ ፖስታውን አወጣ። ተቀዷል። «ለማጣራት ብዬ ዛሬ ጠዋት ነው የከፈትኩት» አለ።

ወይዘሮ ዘነቡ መነጽሯን አውልቃ ማኑሄን አየችው። የቢሮው ቁልፍ እርስዎም ጋ አለ፣ ቅዳሜም ቢሆን መግባት ይችሉ ነበር አለችው። ስሙ የእርስዎ ነው፤ ፓስወርዱም የእርስዎ ነው። ሌላ ማንን እንጠይቅ? ሲጠብቀው የኖረው ፓስወርድ ዞሮ ማኑሄን ራሱን አሰረው።

በሩ ተንኳኳና ሮበሌ ገባ። ቃል መስጠት እንደሚፈልግ ለለታ አስቀድሞ ነግሮት ኖሯል። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ሥር ቆመ፤ ተቀመጥ ሲሉት አልተቀመጠም። ማኑሄን አላየውም፤ የሚናገረው ለወይዘሮ ዘነቡ ነበር።

«የእኔም ስም አለበት። ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዓመት ሙሉ በአንድ ምሳ ዕቃ ስንበላ ኖረናል። አሁን ሳስበው ስሜ እዚያ ከገባ በኋላ ነው፤ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሂድ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። አትጠይቀኝ አለኝ። እኔም ቀረሁ፤ ሥራውን ሌላ ሰው ያዘው።» ባርኔጣውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ይህ ሰው ለአንድ ሰው የሚናገር ቢሆን ኖሮ ለእኔ ይናገር ነበር። ለእኔ ያልነገረ ለማንም አልነገረም።»

ለታ ሮበሌን ቀና ብሎ አየውና አንገቱን ደፋ። አቶ ሚሳኤል ፖስታውን በጣቶቹ ያገላብጥ ነበር። ወይዘሮ ዘነቡ መነጽሯን መልሳ አደረገችና ይበቃናል አለች። ማኑሄ ወደ ሥራው እንዲመለስ ያን ዕለት ተወሰነ።

ሮበሌን ሊያገኘው በሩ ድረስ ተከትሎት ሮጠ። ሮበሌ ቆመለት፤ አልሸሸውም። ማኑሄ ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ግን ለየትኛው ነገር እንደሆነ ቃሉ ጠፋበት። ልነግርህ ወስኜ ነበር፣ በማግሥቱ አንተ ጨርሰህ መጣህ አለው። ሲናገረው ለራሱም ውሸት መሰለው።

ሮበሌ ሰማው። ከዚያ በዝግታ እንዲህ አለ፤ «አልተቀየምኩህም። ሥራህ ነው፤ የእኔንም ነገር ስንት ዓመት ይዘህልኛል። ግን ካሁን በኋላ አብሬህ ስበላ፣ ይህ ሰው አሁን ምን እያወቀብኝ ነው የሚጎርሰው ማለቴ አይቀርም። እንደዚያ እየተባለ አይበላም።»

ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ሚሳኤል ማኑሄን ለብቻው ጠራው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቦርዱ ሰብሳቢ ቁጥሩን በአስቸኳይ ጠይቆት፣ ማኑሄም ስላልነበረ ፖስታውን እንደከፈተ ነገረው። አታሚው ወረቀቱን ሲያጣምምበት አውጥቶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ከቅርጫት ማን ያነበዋል ብዬ ነው አለ። በምርመራው ቀንም ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፈራ።

ማኑሄ ቆሞ አዳመጠው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰው ነገር ሲነገረው ውጦ መሄድ ልማዱ ነው። ይህን ግን አልዋጠውም። የሠራተኞቹ ጉዳይ ለእኔ በአደራ የተሰጠ ነበር፤ ይህ ግን የእርስዎ ነው፣ እኔ አልሸከመውም አለው። ሳምንቱ ሳያልቅ በለታ ፊት ይናገሩ፤ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ። ሌላም አለ። ከእንግዲህ ፖስታው ሁለት ሰው በማኅተሙ ላይ ካልፈረመበት አይታሸግም፤ ሁለቱ ካልተገኙም አይከፈትም። ከየትኛውም ቢሮ የሚወጣ ወረቀት ሳይቃጠል ግቢውን አይለቅም።

አቶ ሚሳኤል ተናገረ። በለታና በወይዘሮ ዘነቡ ፊት ተናግሮ በጽሑፍም ፈረመ፤ ቦርዱ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ወይዘሮ ዘነቡ ማኑሄ ቢሮ ድረስ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችው። ወሬው በግቢው ሲሰማ ሠራተኞቹ አዘኑለት፤ ክበብ ሲገባ የሚነሳለትም ነበር። ወንበር ይስቡለታል፤ ስለ ዝናቡም ያጫውቱታል።

ቅነሳው ግን አልቀረም። ከቦርዱ አንድ ስም እንኳ አልወጣም። በስንብቱ ቀን ማኑሄ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሰዎቹን አንድ በአንድ አስፈረመ። ሮበሌ ተራው ሲደርስ ፈረመ፣ አመሰገነ፣ ለቀጣዩ ቦታ ለቀቀ።

ሐምሌ ሲገባ ማኑሄ ሮበሌን ሳያይ መቆየት አልቻለም። አንድ እሑድ ብርቱካን ገዝቶ በታክሲ ለቡ ሄደ፤ ከዋናው መንገድ ወርዶ በጭቃማው መንገድ ውስጥ ለውስጥ ተጓዘ። ግማሹ ማሳ ነው፤ ግማሹ መሠረቱ የወጣለት ቤት። ሴና ከሩቅ አውቃው ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

«ጋሽ ማኑሄ፣ ምነው እንዲህ ጠፉብን?» አለችው።

አስገባችው፣ ጫማው ጭቃ ነው ሲል አይጨነቁ ብላ አስቀመጠችው። ስለ ሮበሌ ነገረችው። ግንበኞች ድንጋይ ስለሚፈልጉ ከማሳው ጥግ እያወጣ በአህያ ያደርስላቸዋል፤ ጤፉንም ዘርቶ ሊጨርስ ነው። ሮበሌ እግሩን ታጥቦ ሲገባ በደንብ ሳመው፤ ስለ ጤንነቱ ጠየቀው፣ እንጀራውንም ለብቻው በሌላ ትሪ እንዲቀርብለት አዘዘ። እንደ እንግዳ።

ሴና ወጥ እየጨመረችለት የዲንሳን ሥራ አነሳች። እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ «እርስዎ እንኳን አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ይነግሩን ነበር።»

የማኑሄ እጅ ትሪው ላይ ቀረ። ማኑሄ አስቀድሞ ማወቁን ሴና አልሰማችም ነበር። ሊናገር አፉን ሲከፍት ሮበሌ ቀደመው።

«ከየት ያውቃል» አላት። «ለሁላችንም ዱብ ዕዳ ነው የሆነው።»

ቀሪው ጊዜ በዝናቡና በዘሩ ጨዋታ አለቀ። ሲነሳ ሮበሌ እስከ መንገዱ ሸኘው። በድንጋዩ ክምር በኩል አልፈው ብዙ ከሄዱ በኋላ ማኑሄ ለምን አልነገርካትም ብሎ ጠየቀው።

«ብነግራት ዛሬ አታስገባህም ነበር» አለ ሮበሌ።

ማኑሄ ሊያመሰግነው ፈለገ። ሮበሌ ግን ታክሲ ሲመጣ አይቶ እጁን አውጥቶ አስቆመለት፤ በሩንም ራሱ ከፈተለት።

«በዚህ ስታልፍ ጎራ በል» አለው።

በለቡ አልፎ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድበት ጉዳይ ማኑሄ አልነበረውም። እሺ ብሎ ተሳፈረ። ታክሲው ሲነሳ ዞር ብሎ አየው፤ ሮበሌ ካፊያው ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ከዚያም ወደ አህዮቹ ሄደ።

መካኒሳ አቦ ሲደርስ ዝናቡ ጠንክሮ ነበር። ኦቦ ሂርጳ በረንዳው ላይ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። እሑድ ሙሉ የት ዋልክ አለው። ማኑሄ ለቡ ሰው ልጠይቅ ሄጄ ነበር አለው።

«አገኘሃቸው?»

«አገኘኋቸው። ደህና ናቸው።»

ኦቦ ሂርጳ ደግ አደረግህ፣ ሰው መጠየቅ መልካም ነው አለውና ወደ ዝናቡ ፊቱን መለሰ። ማኑሄ ትንሽ አብሮት ቆመ፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብቶ የረጠበ ኮቱን ሰቀለ።